ከድልድዩ ላይ የሚታየው ስታዲየም

አባቴ ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ ሲመጣ ሁሌም እንደቸኮለ ነበር። የሌሎቹ ልጆች አባቶች በሩ ላይ ቆም ብለው ወሬ ይሰልቃሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ከሱቁ ከረሜላ ይገዛሉ። የእኔው ግን ቦርሳዬን ከትከሻዬ ላይ ላጥ ያደርግና "ነይ ነይ፣ ፀሐይዋ ሳታመልጠን" ይለኛል። ከዚያ እጄን ጭብጥ አድርጎ፣ እሱ በእርምጃ እኔ በሩጫ፣ ወደ እግረኞች ድልድይ እንገሰግሳለን። ጨለማ የሚፈራው በሌባ ምክንያት ይመስለኝ ነበር። ደረቱ እንደ በር የሰፋ ሰው ሌባ መፍራቱ ስለሚያሳፍረኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ድልድዩ የብረት ነው። ከሥሩ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፤ ንዝረቱ ከጫማዬ ሶል ተነስቶ ጥርሴ ድረስ ይሰማኛል። መሀል ላይ ስንደርስ አባቴ ሁለት እጁን መደገፊያው ላይ ያሳርፋል። ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ረጅም የቆርቆሮ አጥር አለ፤ ከአጥሩ ጀርባ የክለባችን አዲስ ስታዲየም እየተሠራ ነው። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ከቆርቆሮው በላይ የክሬኑን አንገት ብቻ ነው የሚያየው። ከድልድዩ ላይ ግን የመቀመጫ ደረጃዎቹ፣ የአሸዋ ክምሩ፣ ቆመው የቀሩት ፌሮዎች ሁሉ ወለል ብለው ይታያሉ።

"እሺ፣ ንገሪኝ" ይላል አባቴ።

እነግረዋለሁ። ክሬኑ ዛሬ አንገቱን ወዴት እንዳዞረ፣ ሲሚንቶ የሚያቦኩት ሰዎች ሄልሜታቸው ላይ ቁጭ ብለው እንደሚበሉ፣ አንዱ ሌላውን በውሃ ጎማ አባሮ እንደረጨው። ይሄ ወሬ ግን ለአባቴ አይጥመውም።

"እሱን ተይው። መግቢያው የት ጋ ነው?"

"እዚያ ጋ፣ ክሬኑ አጠገብ።"

"ከበሩ ቀጥሎ ደረጃ ነው ወይስ ሜዳ?"

"ደረጃ።"

"ሰፊ ነው? መደገፊያ አለው?"

"በቀኝ በኩል ብቻ አለው።"

"ደረጃው ሲያልቅስ ወዴት ይታጠፋል?"

"ወደ ግራ።"

ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ፤ ትምህርት እንደሚሸመድድ ልጅ። አንድ ቀን "አንተ አታየውም እንዴ?" ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀና ራሴን ዳበሰኝ። "እኔማ አይቻለሁ። አንቺ በደንብ ማየትሽን ልፈትንሽ ብዬ ነው።" ነገሩ ፈተና መሆኑን ካወቅሁ ወዲህ እረፍት አጣሁ። ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እንኳ እግሬ አይረጋም፤ ዛሬ ምን አዲስ ነገር ሠርተው ይሆን፣ የሚያመልጠኝ ነገር ቢኖርስ እያልኩ እቁነጠነጣለሁ። መምህሯ "አንቺ ልጅ፣ ወንበርሽ ላይ እሾህ አለ?" እስክትለኝ ድረስ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። የቤታችን የፊት ክፍል ሱቁ ነው። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ሁልጊዜ የጋለ ካውያና የእርጥብ ጨርቅ ሽታ። ግድግዳው ላይ የክለባችን ሰማያዊ ባንዲራ ተሰቅሏል፤ የሰፈሩ ደጋፊ ሁሉ ባንዲራውንና ኮፍያውን የሚያሰፋው እኛ ዘንድ ነው። ከድልድዩ ስንመለስ ሰዎቹ ተሰብስበው ይጠብቁናል። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ምላሱም እንደ ሥራ ዕቃው ስለሆነ ሁሉም ምላጭ ይለዋል፤ ፎጣውን ከትከሻው ላይ ሳያወርድ፣ አንዳንዴም ግማሽ ፀጉር የተላጨ ደንበኛ ወንበር ላይ ትቶ ይመጣል። ሁለተኛው በወጣትነቱ ለክለባችን በግራ መስመር የተጫወተ ሰው ነው። አሁን ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር ይገባል፤ ስሙ ግን እስከዛሬም ግራ ክንፍ ነው።

"እሺ፣ ምን ደረሰ?" ይላል ምላጭ ገና ከበሩ።

"ሁለተኛው ደርብ በኮንክሪት ተሞልቷል" ይላል አባቴ ኮቱን እያወለቀ። "ደረጃው መደገፊያ ገብቶለታል።"

"የመሮጫ ትራክ አለው እንዴ? እሱን ንገረን! ትራክ ካስገቡበት እኮ ኳሱን በአቅራቢ መነጽር ልናይ ነው።"

"ትራክ የለውም።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"በዓይኔ በብረቱ አይቼ ነው የምነግርህ!"

ከዚያ ጭቅጭቁ ይቀጥላል። ጣሪያው ሁሉንም ይሸፍናል ወይስ ባለ ሀብቶቹን ብቻ? አሮጌው ሜዳ ላይ ከጎል ጀርባ የሚቆመው ሕዝብ የት ሊገባ ነው? ግራ ክንፍ "እኛ በባዶ እግራችን አቧራ ላይ ዋንጫ በልተናል፤ እናንተ ለወንበር ትጨነቃላችሁ" ይላል፤ ምላጭም "አንተ የበላኸው ዋንጫ የት እንዳለ ሆድህ ይመሰክራል" ይለዋል። ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ምላጭ ሱቁን ጥሎ ድልድይ ድረስ መሄድ አይችልም፤ ግራ ክንፍን ጉልበቱ ደረጃ አያስወጣውም። ስለ ስታዲየሙ የሚያወሩት ሁሉ ከአባቴ አፍ የሰሙትን ነው። አባቴ የሚናገረውም ከእኔ የሰማውን ነበር፤ ያኔ ግን እንዲህ አድርጌ አላሰብኩትም። ፈተናዬን ማለፌን የሚያረጋግጥልኝ ነበር የሚመስለኝ።

እናቴ በሁለተኛው መኪና ላይ ተቀምጣ ዚፕና ቁልፍ ትተክላለች። ጭቅጭቁ ውስጥ አትገባም። አንድ ቅዳሜ አባቴ ምላጭ ቤት ሊከራከር ወጣ ሲል፣ እናቴ እሱ ጨርሶ የሰቀለውን ሱሪ ከማንጠልጠያው አወረደች። ገለበጠችው። ከዚያ ቀስ እያለች ስፌቱን በመቀስ ጫፍ መተርተር ጀመረች።

"እማዬ! ለምን ታበላሺበታለሽ?"

"አላበላሸሁም። ክር አቀብይኝ።"

"ለአባዬ እነግረዋለሁ።"

አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ራሷ አዞረች። "ይቺን ከነገርሽው እኔና አንቺ አንተዋወቅም።" የተረተረችውን መልሳ ሰፋችው፣ ተኮሰችው፣ በነበረበት ሰቀለችው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሰርቄ አየኋት። ሱሪ፣ ኮሌታ፣ እጅጌ። እናቴና አባቴ ሳይነጋገሩ የተጣሉ መሰለኝ፤ እሷ ቂሟን በልብሱ ላይ የምትወጣ። ማታ ራት ላይ ሁለቱ ሲሳሳቁ ሳይ ተራ በተራ ፊታቸውን እመረምራለሁ። አንደኛው ሌላውን እያታለለ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን የትኛው የትኛውን እንደሆነ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር እሱን ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ከዚያ ቀዩ ቀን መጣ።

መምህሯ ጠረጴዛ ስላስጠረገችን አርፍደን ወጣን። አባቴ መንገዱን ሙሉ እየተነጫነጨ፣ በድልድዩ ደረጃ ላይ ሁለቴ እየተደናቀፈ ወጣ። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ወደ ስታዲየሙ ስመለከት በመቀመጫ ደረጃዎቹ ላይ ከዳር እስከ ዳር አዲስ ነገር ተደርድሯል።

"ቀይ" አልኩ።

"ምን ቀይ?"

"ወንበር። ብዙ ቀይ ወንበር፣ በሰልፍ በሰልፍ።"

እጁ ከመደገፊያው ተነሳ። "በደንብ እዪ እስቲ። ሰማያዊ አይደለም?"

"ቀይ ነው፣ አባዬ።"

"ወንበር መሆኑን በምን አወቅሽ?"

"ሰው የሚቀመጥበት ደረጃ ላይ ነዋ የተደረደረው!"

ቀይ የማን ቀለም እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ያለው የባላንጣችን ክለብ ቀለም ነው። እኛ ቤት ቀይ ካልሲ እንኳ አይገባም ነበር። አባቴ አንዴ ለሙሽራ ሚዜዎች ቀይ ቀሚስ ስፋ ቢባል "ክር የለኝም" ብሎ የመለሰ ሰው ነው።

ሱቁ ውስጥ የሆነውን ጫጫታ እስከዛሬ እሰማዋለሁ። "ሸጡን!" ይላል ግራ ክንፍ ጠረጴዛውን እየደበደበ። "ኮሚቴው ተሸጧል፣ ብያለሁ!" ምላጭ ብቻ ፊቱን አኮማተረ።

"እርግጠኛ ነህ ወዳጄ? ባለፈው ለእኔ ጥቁር ሱሪ አዝዤህ ሰማያዊ ነው የሰፋህልኝ። ቀለም ላይ ትንሽ..."

"በዓይኔ በብረቱ አየሁ አልኩህ እኮ! በሰልፍ የተደረደረ ቀይ ወንበር!"

"ልጄ ናት ያየችው" እንዲል እየጠበቅሁ በእግር ጣቶቼ ጫፍ ቆሜ ነበር። አላለም። የእናቴ የስፌት መኪና ቆመ። አባቴን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

"አንተ ነህ ያየኸው?" አለችው በቀስታ።

"እና ማን ይይልኝ?"

እግሯን መልሳ መርገጫው ላይ አደረገች። መኪናው ጮኸ።

እሁድ ዕለት የሰፈሩ ደጋፊ ባንዲራውን ይዞ ወደ ግንባታው በር ነጎደ። አባቴ ከፊት ነበር፤ እጄን እንደያዘ። ሰው ይዘፍናል፣ ያፏጫል፣ ቆርቆሮውን በጡጫ ይመታል። በሩ ተከፈተና ሄልሜት ያደረገች ወጣት መሐንዲስ ወጣች። መጀመሪያ የምንጮህበት ነገር ጨርሶ አልገባትም። "የምን ቀይ ወንበር?" ትላለች ደጋግማ። በመጨረሻ "ሦስት ሰው ይግባና በዓይኑ ይይ" አለች። አባቴ፣ ምላጭና ግራ ክንፍ ተመረጡ። እኔም እግሬን ሳነሳ ዘበኛው "ልጅ አይገባም" ብሎ ከለከለኝ።

አባቴ እጄን ወዲያው አልለቀቀም። ጣቶቹ አንድ በአንድ ነው የተፈቱት። "እዚሁ ጠብቂኝ" አለኝ።

በበሩ ክፍተት ሁሉንም አይ ነበር። ከቅርብ ሲታይ ቀዩ ነገር ወንበር አልነበረም፤ የሰው ቁመት የሚያክል የብረት ዘንግ ነበር። መሐንዲሷ እየሳቀች አንዱን በጫማዋ ነካ አደረገችው።

"ይሄ እኮ የጣሪያው ብረት ነው። እንዳይዝግ ነው የተቀባው፤ ማንኛውም ብረት መጀመሪያ እንዲህ ይቀባል። ኋላ ሌላ ቀለም ይደረብበታል። ወንበሩማ ገና አልመጣም።"

ምላጭ ቀስ ብሎ ወደ አባቴ ዞረ። "ብረት ነው" አለው። "አንተ፣ ይሄ እኮ ብረት ነው።"

"አትሸፋፍኑ!" ብሎ ጮኸ አባቴ። "ያ ምንድነው ታዲያ? ያ!" እጁን ዘርግቶ አመለከተ። ያመለከተበት ቦታ ላይ ከአሸዋ ክምር በስተቀር ምንም አልነበረም። ከዚያ ራሱ ሄዶ ሊነካው እንደፈለገ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ረጅም እርምጃ ወደ ፊት ተራመደ። አንድ፣ ሁለት። በሦስተኛው ጠፋ።

ለውሃ መውረጃ የተቆፈረ ጉድጓድ ነበር፤ ሰፊ፣ ዙሪያው አፈር የተከመረበት፣ ማንም የሚያየው። የወደቀበት ድምፅ ከባድ ጆንያ ከመኪና ሲጣል እንደሚሰማው ነው። ዘበኛውን በብብቱ ሥር አልፌ ሮጥኩ። አባቴ ጭቃ ውስጥ ተቀምጦ እግሩን ይዟል፤ ፊቱ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ጉድጓዱ ግድግዳ ዞሯል።

"በጠራራ ፀሐይ!" ይላል ግራ ክንፍ ሆዱን ይዞ እያጎነበሰ። "በጠራራ ፀሐይ ይሄን የሚያክል ጉድጓድ አላየህም?"

"አዳልጦኝ ነው" አለ አባቴ።

"ንዴት አሳወረው" አለ ከበሩ አንድ ሰው። እኔም የተቀበልኩት ይሄንኑ ነው። በጣም ሲናደዱ ዓይን የሚጠፋ መሰለኝ። ያናደደው ደግሞ የእኔ ቀይ ወንበር ነው።

ሆስፒታል ቁርጭምጭሚቱን በጀሶ አሰሩለት። የአጥንት ሐኪሙ የውሃ ብርጭቆ ሲያቀብለው የአባቴ እጅ ብርጭቆውን አልፎ አየሩን ጨበጠ። ሐኪሙ ወጣ፤ ሌላ ሐኪም ይዞ ተመለሰ። ትንሽ መብራት ዓይኑ ውስጥ አበሩበት፤ አንዱን ዓይን ሸፍነው ጣት አስቆጠሩት። እናቴ የቦርሳዋን ማንገቻ እየጠመዘዘች ቆማለች። ሲጨርሱ የዓይን ሐኪሙ እሷን ወደ ኮሪደር ጠራት። በመስታወቱ ሳያት አላለቀሰችም፣ አልደነገጠችም። ዝም ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ የምታውቀውን ነገር እንደሚነግሯት ሁሉ።

ታውቀው ነበር። ዛሬ ስሙን እኔም አውቀዋለሁ፤ በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት እየጨመረ፣ እይታን ከዳር ወደ መሀል ቀስ እያለ የሚበላ በሽታ ነው። ሕመም የለውም። አባቴን ከጀመረው ሰንበትበት ብሎ ነበር። መጀመሪያ ከጎኑ የሚመጣው ሰው ጠፋው፣ ከዚያ ከእግሩ ሥር ያለው፣ በመጨረሻ ፊት ለፊቱም ጭጋግ ሆነ። ልብስ ሰፊ ዓይኑ ጠፋ ከተባለ ማን ጨርቅ ይሰጠዋል? ለእናቴ ያልነገራት እንዳትጨነቅ ብሎ ነው። እናቴ ደግሞ ከስፌቱ አውቃ ነበር፤ ጠማማውን እየተረተረች ስታቃና የከረመችው እንዳያፍር ብላ ነው። አንዳቸው ለአንዳቸው ብለው ዝም ባሉበት ቤት ውስጥ እኔ ጠብ እፈልግ ነበር። በሽታው በዘር የሚወርድ ስለሆነ አሁን እኔም በየዓመቱ እመረመራለሁ። የዓይን መመርመሪያው መሣሪያ ላይ አገጬን አስደግፌ ስቀመጥ እግሬ እንደ ልጅነቴ አይረጋም።

አንደኛው ዓይኑ እንደማይመለስ ተነገረው። የሌላኛው የቀረችው ብርሃን በጠብታ ልትቆይ ትችላለች አሉ። ቤት ስንገባ እሱ የተናገረው "ዓይኔ ትንሽ ደክሟል" የሚል ብቻ ነው።

ምላጭ በማግስቱ ብርቱካን ይዞ መጣ። ገና ሳይቀመጥ "ስማ፣ ጣሪያው ሙሉውን ሊሸፍን ነው አሉ፤ አንተ ምን ትላለህ?" ብሎ እንደ ዱሮው ሊነካካው ሞከረ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምላጭ ፎጣውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ሲያዘዋውር ቆየና ወጣ። ከዚያ ሰዎቹ ወደ ምላጭ ቤት ተዛወሩ። ሳቃቸው በግድግዳው በኩል ይሰማናል፤ እኛ ጋ ያለው የእናቴ መኪና ድምፅ ብቻ ነው። ስፌቱን እሷ ያዘችው፤ እሱ በዳበሳ ይተኩሳል። ሳይተኩስ ሲቀር ግን አንድ ቦታ አይቀመጥም። ጀሶውን እየጎተተ ከመስኮት እስከ በር፣ ከበር እስከ መስኮት። ጀሶው ከወለቀ በኋላም ቀጠለ።

ከትምህርት ቤት የምትወስደኝ እናቴ ሆነች። በድልድዩ አናልፍም። አባቴ የቀየመኝ መሰለኝ፤ ስለ ቀዩ ወንበር አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም፣ አለማንሳቱ ደግሞ ይበልጥ ይበላኛል። ካደግሁ በኋላ ጠይቄው ነበር። "አንቺማ ያየሽውን ነው የነገርሽኝ" አለኝ፤ በጥያቄው ተገርሞ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲሁ ሲመላለስ በድንገት ቆመ።

"ደረጃው ሲያልቅ ወደ ግራ ነው ያልሽኝ?"

"አዎ፣ ወደ ግራ።"

"መደገፊያው በቀኝ?"

"በቀኝ።"

መመላለሱን ቀጠለ። ያን ቀን ፈተናው እንደገና የተጀመረ መስሎኝ ደስ አለኝ። ለምን እንደሚጠይቀኝ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው። አሮጌውን ሜዳ እግሩ ያውቀዋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ ከቦታው ይደርስ ነበር። ያ ሜዳ ሊፈርስ ነው። አዲሱን ደግሞ እግሩ ሳይለምደው ዓይኑ ቀድሞ ሊጠፋ ሆነ። ያ ሁሉ ጥድፊያ፣ ያ ሁሉ "መግቢያው የት ነው፣ ደረጃው ወዴት ይታጠፋል" ሕንፃውን ወዶት አልነበረም። ወደፊት በጨለማ የሚሄድበትን መንገድ እያጠና ነበር።

ስታዲየሙ የተመረቀው ከባላንጣችን ጋር በሚደረግ ጨዋታ ነው። ጠዋት አባቴ ተላጨ፣ ሰማያዊ ማሊያውን ለበሰ፣ ነፋስ ስለነበር ኮቱን ከላይ ደርቦ ቆለፈ። ምላጭ በሩ ላይ ቆሞ "አብረን እንሂድ፣ ክንዴን ያዝ" አለው።

"መንገዱን አውቀዋለሁ" አለ አባቴ። "ልጄን ይዤ እሄዳለሁ።"

እናቴ ኮሌታውን አስተካከለችለት።

እሱ ነው የመራኝ። በሩ ላይ ግፊያው ከመብዛቱ የተነሳ ቲኬት ተቀባዩ ወረቀቱን ሳያይ ይቀድ ነበር። አዲስ ቀለምና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። አባቴ ቀኝ እጁን ዘረጋ፤ መደገፊያው እዚያው ነበር። ደረጃውን እንደ ቤቱ ደረጃ ወጣው። ሲያልቅ ወደ ግራ ታጠፈ። ፊቱ በራ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ከወደቀ ወዲህ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ሁለት ባዶ ወንበር በእጁ ዳብሶ አገኘና ተቀመጥን።

ዙሪያዬን አየሁ። ከፊታችን፣ ከኋላችን፣ ከግራና ከቀኛችን ያለው ሰው በሙሉ ቀይ ለብሷል።

ከድልድዩ ላይ የሚታየው በር የእንግዶቹ ደጋፊዎች በር ነበር። የእኛው ከወዲያኛው ወገን ነው፤ ከድልድዩ አይታይም። ይሄን ያኔ አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባለፈው ቀይ አየሁ ስል የአባቴ እግር ተሰብሯል። አፌን ዘጋሁ። እጄን ከጉልበቶቼ መሀል ወትፌ ጨዋታው እንዳይጀመር፣ ወይ ቶሎ እንዲያልቅ ተመኘሁ።

ከእረፍት በኋላ ነው የሆነው። ከሜዳው ወዲያ ማዶ እንደ ነጎድጓድ ያለ ጩኸት ተነሳ። እኛ ጋ ግን ጸጥታ ወደቀ፤ ከዚያ እርግማን። አባቴ ራሱን ወዲያና ወዲህ አዞረ። ጩኸቱ ለምን ከሩቅ እንደመጣ ሲያወጣና ሲያወርድ አየሁት። ወዲያው ገባው። እጄን ይዞ የሚሸሽ መስሎኝ ተነስቼ ነበር። እሱ ግን የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታ፣ ሰማያዊ ማሊያውን ገልጦ ብድግ አለና በዚያ ሁሉ ቀይ መሀል ብቻውን "ጎ...ል!" ብሎ ጮኸ።

የተወረወረ የውሃ ፕላስቲክ ጆሮዬን ታክኮ አለፈ። ከኋላችን ጺማም ግዙፍ ሰው ተነስቶ አባቴን በኮቱ ጫፍ ስቦ አስቀመጠው።

"አብደሃል አንተ ሰውዬ? ያውም ልጅ ይዘህ!"

አባቴ ይስቃል። "ማነው ያገባው?"

"እያፌዝክብኝ ነው?" ሰውየው ጎንበስ ብሎ ፊቱን አየው። እጁን ቀስ አድርጎ በአባቴ ዓይኖች ፊት አሳለፈ። ቁጣው ከፊቱ ላይ ሲወርድ አየሁ። በዙሪያችን ለተነሱት ሰዎች "ተቀመጡ፣ ተቀመጡ፣ እንግዳዬ ነው" አለና ከእኛ ጎን መጥቶ ተጠጋ።

"ሰባት ቁጥራችሁ ነው" አለ ጥርሱን እየነከሰ። "የእኛ ተከላካይ ቆሞ ተኝቶ። አሁን ደግሞ ኳሷ በቀኝ በኩል ናት፤ የእኛ ልጅ ይዟታል፤ አለፈው... ጠለፈው! አየህ፣ ጠለፈው!"

"አልነካውም" አለ አባቴ።

"አንተ በምን አወቅክ?"

"የእናንተ ልጆች መውደቅ ልማዳቸው ነው።"

እስከ መጨረሻው ፊሽካ ድረስ ሲጨቃጨቁ ቆዩ። ሲያልቅ ሰውየው በግዙፍ ትከሻው ሕዝቡን እየከፈለ እስከ ውጪኛው በር ድረስ ሸኘን።

ቤት ስንደርስ ሱቁ ሙሉ ነበር። ምላጭ ብድግ አለ። "የት ገብተህ ነው? ትሪቡኑን ከላይ እስከ ታች ስናስስህ ዋልን!" እናቴ ወንበር አቀረበችለት። አባቴ ተቀምጦ የጫማውን ክር መፍታት ያዘ። ሁሉም እንደ ዱሮው ከበበው። እሱ ቤት ውስጥ እንደዚህ ከተሰበሰቡ ብዙ ጊዜ ሆኗቸው ነበር።

"እሺ፣ ጎሉን አየኸው?" አለ ግራ ክንፍ። "እኔ የቆምኩበት ቦታ አንዱ ባንዲራ ጋርዶኝ አመለጠኝ። እንዴት ነው የገባው?"

አባቴ ጫማውን አወለቀ። ጎን ለጎን አድርጎ አስቀመጣቸው።

"አላየሁም" አለ።

ሁሉም ወደ እሱ ጠጋ አሉ።

"እኔ አላይም። ልጅቷ ናት የምታይልኝ። እሷን ጠይቋት።"

ከዚያ በፊት ይሄን ቃል ከአፉ አውጥቶት አያውቅም፤ ለሐኪሙም፣ ለእናቴም። ምላጭ ፎጣውን ከትከሻው ላይ አወረደ። እናቴ እጇን ወንበሩ መደገፊያ ላይ እንዳደረገች ቀረች። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ምንም አልገባኝም። ተራው ለእኔ የተሰጠኝ መሰለኝ፤ ፈተናውን ማለፌ በሰው ሁሉ ፊት የተነገረልኝ። በደስታ የመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ወጥቼ ቆምኩና ሰባት ቁጥሩ ኳሷን ከተቀበለበት ቦታ ጀመርኩላቸው።